በወረቀት ፈንታ

አፉላ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ አራተኛው መስኮት፣
ከመስታወት ጀርባ ነኝ ዐሥራ ስድስት ዓመት።
ማኅተም ሲመታ የኖረ ቀኝ እጄ
ዛሬ በጣቱ ጫፍ ብቻ ይሠራል፤
መዳፌ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ
እንደ ጡረተኛ ፀሐይ ይሞቃል።

ፈንታነሽ የመጣች ዕለት፣ ወፍጮ ልትተክል፣
ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ተከራይታ ክፍል፣
ገና የወረቀት ዘመን ነበርና
ሥራዬ አንድ ቃል ነበር፦ "ሂጂ"።
እሳት አደጋ ሂጂ፣ ጤና ቢሮ ሂጂ፣
ጩኸቱን የሚለካው ኖፍ ሃጋሊል ነው፣ እዚያም ሂጂ፣
ፖሊስም ብቅ በይ፣ ዓርብ ግን አይሠሩም።
ስድስት ቢሮ፤ ስድስቱም ይችኑ አንዲት ሴት ጽፈው
አይጠያየቁም፣ በርስት እንደተጣሉ ወንድማማቾች ተኳርፈው።
ስድስተኛው ሲፈርም የአንደኛው ቀን አለፈበት።
"ልጄ" አለችኝ፣ ወረቀቷን በፌስታል ቋጥራ፣
"ልፈጭ መጥቼ ተፈጨሁ፤
የቀረኝ ወንፊቱ ነው።"

ዘንድሮ ሳጥኖቹ በጭነት መኪና ሄዱ።
ከኢየሩሳሌም ሁለት ልጆች መጥተው ሽቦ ዘረጉ፤
"ከእንግዲህ ሰው አይመላለስም" አሉን፣
"የሚመላለሰው መረጃው ነው።"
ደስ አለኝ። ፈራሁም፤ ለምን እዋሻለሁ?
"ሂጂ" ካላልኩ እኔ ማን እባላለሁ?

ደወልኩላት፣ መጣች። ስሟን መታሁ፤
ስድስቱ ቢሮዎች ባንድ ገጽ ተቀመጡ፣
ሽማግሌ እንዳስታረቃቸው፣ ጎን ለጎን።
አረንጓዴ።
አረንጓዴ። አረንጓዴ።
ቀይ፦
ፕኒና። ሐዴራ። ፀጉር ቤት። ያልተከፈለ ቅጣት።

"ፕኒናስ እኔ ነኝ" አለች። "ያኔ፣ ስንገባ፣
ፈንታነሽ ማለት ምላሷን ቢያስቸግራት መዝጋቢዋ
ፕኒና ብላ ጻፈችኝ። ሐዴራን ግን አልረገጥኳት፤
ፀጉርም ከልጆቼ በቀር የቆረጥኩት የለም።"

የብዙዎቻችን ልደት ጃንዋሪ አንድ ነው፤
መዝጋቢ ሲቸኩል የተወለድን ነን።
የሐዴራው አሮጌ መዝገብ በስምና በቀን እንጂ በቁጥር አልተያዘ፤
ሁለት ፕኒና፣ ባንድ ዓመት፣ ባንድ ዕለት፤
ማሽኑ አዋደዳቸው፣ አደረጋቸው አንዲት ሴት።

ይቅርታ ልጠይቅ ስል እሷ ቀድማ ሳቀች።
"ይሄማ የወፍጮ ነገር ነው፣ አውቀዋለሁ።
በርበሬ ፈጭተህ ሳትጠርግ ጤፍ ብትጨምር
የፊተኛዋ ቅሪት ከኋለኛዋ ዱቄት ጋር ይወጣል፤
ጤፉም ያስነጥሳል።
ወፍጮው ምን አጠፋ? መጥረግ የባለ ወፍጮው ነው።
መጥረጊያህ የታለ?"

መጥረጊያዬ የታለ?
አዲሱን ገጽ ላይ ታች አልኩበት፤
ከጥጉ "ማስታወሻ" የምትል መስኮት አገኘሁ፣
ሁለት መቶ ፊደል የምትይዝ ጠባብ።
ጻፍኩ፦ ይህች ያቺ አይደለችም።
ይህች ባለ ወፍጮ ናት፣ አባቷ ቢያድግልኝ፣
እጇን አይቼዋለሁ፣ መቀስ የያዘ እጅ አይደለም…
ፊደሉ አለቀብኝ። ለማን እንደሚደርስ ሳላውቅ ላክሁት።

ዐሥራ አንድ ቀን ቀዩ አልጠፋም።
በዐሥራ ሁለተኛው፣ ማክሰኞ፣ አረንጓዴ ሆነ፤
ሰው ይሁን ያነበበው፣ ማሽኑ ይሁን የተጸጸተ፣
የነገረኝ የለም።

ፈቃዱ በስልኳ ደረሳት፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ፤
ያለ ሰልፍ፣ ያለ ፊርማ፣ ያለ ደጅ ጥናት።
እሷ ግን አውቶቡሷን ትታ እኔ ዘንድ መጣች።
"አትምልኝ። ስልክ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም።"
አተምኩላት። ከላይ ወደ ታች ዓይኗን ነዳች፣
ስሙ ላይ ስትደርስ ቆመች።
ፕኒና።
"በፈንታነሽ ፈንታ" አለች፣ ለራሷ፣
ሳቅም አይሉት፣ ምንም አይሉት።

እስክሪብቶዬን ከመስኮቱ ሥር ጎትታ
ከስሙ ጎን በኛው ፊደል ጻፈች፣ አምስት ፊደል፣
ቀስ ብላ፣ ወረቀቱ እንዳይቀደድ።
በመንግሥት ሰነድ ላይ መጻፍ ክልክል ነው።
ክልክል ነው ማለት የነበረብኝም እኔ ነኝ።

መሳቢያዬን ሳብኩ። ማኅተሙ እዚያው ነበር፣
ቀለሙ ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው።
በአምስቱ ፊደላት ላይ መታሁት።
ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ።