ቢጫው ዓይን

ኡላንባታር ሌሊት፣ ብርዱ ብረት ይሰብራል፤
በባንኩ ምድር ቤት ግን ራውተሩን ያተኩሰዋል።
ተረኛው ነርጉይ ነው፤ «ስም የለሽ» ማለት፤
እናቱ ያወጣችለት
ሞት አድራሻውን እንዲያጣበት።

ሜሞሪው ትናንት ሰባ አንድ በመቶ ነበረ፣
ዛሬ ሰማንያ አራት፤ ዳገት እንጂ ቁልቁለት አልተማረ።
መዝገቡን ገለጠ፤ የዱልማ የእጅ ጽሑፍ፦
«ደህና ነው፤ ነገ ይታያል።» ከሥሩም ያው፣ ሳይዛነፍ፣
ሦስት ሳምንት ሙሉ ነገ ለነገ ሲያሳልፍ።

ጎንበስ ብሎ በባትሪ የማሽኑን ደረት ቢያይ
ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል ማስጠንቀቂያው መብራት ላይ።
ላጠው።
ቢጫ ዓይን ፈጦ ወጣ፣
«ማራገቢያዬ ቆሟል» ሲል ከርሞ ሰሚ ያጣ።
ለካስ ሲጮህ ኖሯል፤ የታመመውስ ሰሚው ነው፣
ብርሃኑ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ ዓይኑን የሸፈነው።

ማራገቢያውን ሲቀይር ስለቱ ጣቱን ሸረፈው፤
ያንኑ ፕላስተር አንስቶ ደሙ ላይ ለጠፈው።
አሁን ገና ቦታውን አገኘ።

ሙቀቱ በረደ። ሜሞሪው ግን እንቢ አለ፣
የሸኘውን መልእክት ሁሉ ቅጂ እያንጠለጠለ፣
ለሄደ እንግዳ አልጋ ዛሬም እያነጠፈ፤
ለሚመጣው ቦታ አጣ፤ ትዝታው ከቤቱ ተረፈ።

መድኃኒቱ አንድ ነው፤ አጥፍቶ ማስነሳት፣
አራት ደቂቃ ሁሉን ማስረሳት።
ጠበቀ፣
ከዳላንዛድጋድ አንድ ማደያ የላከው ክፍያ እስኪያልፍ።
ከዚያ አጠፋው። ክፍሉን ዝምታ እንደ ውርጭ ያዘው።

ሲነቃ ሠላሳ ሁለት። መብራቱ አረንጓዴ።
መዝገቡ ላይ ጻፈ፣ «ነገ» አላለም አንዴ፤
«ፕላስተሩን የላጥኩት እኔ ነኝ።»
ሙሉ ስሙን ፈረመ፤
ሞት ቢያነበውም ያንብበው።