ሰማንያ አንድ ፍሬ

ዱሉዝ፣ የካቲት ነው። ሐይቁ ደርቆ ነጥቶ፣
ድልድዩ ተኝቷል፣ የሚያስነሣው መርከብ ጠፍቶ፤
ወደቡ ላይ የብረት ማዕድን፣ ድቡልቡል ክምር፣
በረዶ ለብሶ ይጠብቃል፣ እስኪከፈት በር።

እኔም በረዶ እበላ ነበር።
ከማቀዝቀዣው፣ ከመስኮቱ ደፍ፣ ከፌርማታው አጥር፣
ቁርጥም ቁርጥም፣ እንደ ቆሎ።
«ጥርስሽን ልትጨርሺው ነው» ይለኛል ዘርጋው።
ሁለት ደረጃ ስወጣ ልቤ እንደሚያባርሩት ዶሮ፤
ደም ግባቴ የት እንደ ገባ መስታወቱም አላወቀ።

ሐኪሟ ቁጥሩን ስታነብ ድምጿን ዝቅ አደረገች፦
«የብረት ክምችትሽ፣ አራት።»
አራት!
ባቡር ሙሉ ብረት በደጄ በሚያልፍበት ከተማ።

ፋርማሲስቷ ካይሳ፣ የፊንላንዶች የልጅ ልጅ፣
አያቷ ሂቢንግ ጉድጓድ ውስጥ ዕድሜውን የቆፈረ፣
መቶ ፍሬ ቆጠረችልኝ፤ ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከረሜላ የሚመስል።
«አያቴ ያወጣውን አንቺ ትመልሺዋለሽ» ብላ ሳቀች።
ከዚያ ሳቋን ከደነች።
«በባዶ ሆድ፣ በብርቱካን ጭማቂ።
ሻይም ቡናም ወተትም አጠገቡ አይድረሱ።
ሰገራሽ ይጠቁራል፣ አትደንግጪ። ሆድሽም ይደርቃል።
ደግሞ ቀን እየዘለልሽ፤
ጉበት ዘበኛ አለው፣
ብረት በገባ ማግሥት በሩን ይቀረቅራል፣
ብታንኳኪ አይሰማሽም። እስኪያንቀላፋ ጠብቂው።
ቤት ውስጥ ልጅ ካለ…»
አልጨረሰችውም። ክዳኑን ጠቅ አድርጋ ዘጋች፣ ሁለት ጊዜ።

ምላሴ ላይ ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ የበር ሰንሰለት፤
ሆዴ ጠጠር የጠጣ ጆንያ።
ሽንት ቤት ጥቁሩን አይቼ
«ከሰል አክሳይ ሆንኩ» ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።
አሥራ ዘጠነኛው ላይ በረዶ አላማረኝም።
ደረጃው አጠረ።

ቅዳሜ ጠዋት ክዳኑ ጠቅ አላለም ነበር።
እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም።
ብረት መዝጊያ ሲባል እሰማ ነበር፤
የዚህ ብረት መዝጊያው ፕላስቲክ፣ እሱንም አልዘጋሁት።
ናርዶስ ምንጣፉ ላይ፣ ብልቃጡ ተደፍቶ፣
ከንፈሯ ቀይ።

አፈር ስሆን፣ አፍሽን ክፈቺ፣ አፈር ስሆን!

ለእኔ ደም የሚሆነው ለእሷ ሆድ እሳት ነው፤
ጎርፍ ሲመጣ ዘበኛ ምን ያደርጋል?
ዘርጋው የመርዝ ማዕከሉን ደወለ፣
እኔ ተንበርክኬ ቆጠርኩ።
መቶ ነበር፤ አሥራ ዘጠኙን ውጫለሁ፤
ሰማንያ አንድ መኖር አለበት።
ሃያ። አርባ። ከሶፋው ሥር ሦስት። ሰባ አራት።
ሰማንያ።
እንደገና።
ሰማንያ።
በስልኩ ሴትዮዋ «ክብደቷ ስንት ነው?» ትላለች፤
ዘርጋው ኪሎና ፓውንድ ተምታቶበት ይንተባተባል።

«ናርዲ፣ አንዷስ? አንዷ የት ሄደች?»

ጣቷን ወደ ገላ መታጠቢያው ዘረጋች።
ላስቲክ መርከቧ ውስጥ፣ አባቷ ከወደቡ በኪሱ
በሚያመጣላት ድቡልቡል ብረት መካከል፣
አንዲት ፍሬ፤ ቀይዋ ተልሶ አመድማ የሆነች።
«ትመራለች» አለች። «ጭነት ናት።»

ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ጠብቋት አለች፤ ጠበቅናት።
ናርዶስ ሩዝ በላች፣ አለቀሰች፣ ተኛች።
ብልቃጡ አሁን ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ነው፣
እኔም በወንበር ካልሆነ አልደርስበትም።

ማታ የመጀመሪያው መርከብ ጮኸ፤
ድልድዩ ከእንቅልፉ ተነሣ።
እኔም የልጄ ምራቅ የነካትን ያቺን
በብርቱካን ጭማቂ ዋጥኋት።
የመዝለያዬ ቀን ነበር፤
ዘበኛው ይክፈት አይክፈት፣ እንጃ።