የዘህራን ተራ

ኒዝዋ ላይ ጊዜ በቦይ ነው የሚፈስ፣
ከተራራው ሥር ወርዶ ቴምሩ ግንድ እስኪደርስ።
ለአንዱ ግማሽ ሰዓት፣ ለአንዱ ሩብ ይሰፈራል፤
ይሸጣል እንደ እህል፣ በልጅ ይወረሳል።

ሽማግሌው ዘህራን፣ በእጄ ያለ አደራ፣
አርባ ዓመት ቆጥሯል የውሃውን ተራ፤
ቀን በእንጨት ጥላ፣ ሌት በኮከብ ብቅታ፣
ሳያጎድል ከሰው አንዲትም ጠብታ።
ድርሻዋን «አሠር» ይላል። ደነገጥሁ ስሰማ፤
ዱካ ማለት ነበር በአባቴ ግዕዝማ።
ፈለጁም ፈለግ ነው። ባሕሩን አቋርጬ
የቤቴን ቃል ሰማሁ፣ ቦይ ዳር ተቀምጬ።

አባቴ፣ መሪጌታ ልሳኑ፣ ይቆርስ ነበር ቀንን እንደ ዳቦ፦
ቀኑን ለስልሳ ኬክሮስ፣ ኬክሮሱን ለካልኢት፣
እያለ፣ እያደቀቀ፣ እስከ ሳድሲት።
«ከዚያስ ወዲያ?» ስለው፣ ጣቱ ባየር ቀረ፤
መልሱን ሳይነግረኝ ታመመ፣ ተቀበረ።

ዘህራን ግን እንዲህ አለ፦ «ጊዜ ጥሬ ጥሬ፤
ጌታ በየጥሬው ዓለምን እንደ አዲስ ይሠራል። ዛሬን
ትናንት አልወለዳትም።
የፊተኞቹ ግን፣ ከኛ በፊት የነበሩት፣
‹የሰማይ ዙረት ነው፣ ቁጥሩ ነው› ብለዋል፤
ዙረቱ ቢቆምሳ? ማን ምኑን ይቆጥራል?»
ሳቀ።
ከዚያ ስሜን ጠየቀኝ። ለሦስተኛ ጊዜ።

የሱን ግማሽ አሠር ልጆቹ ሸጠዋል።
እሱ ይህን አያውቅም። ሌት ተነሥቶ ይወጣል፣
ጨርቅና ድንጋይ ይዞ፣ የጎረቤት ቦይ ሊዘጋ፤
«ተራዬ ነው» ይላል፣ ገና ሳይነጋጋ።
ኮከቧን ያሳየኛል። ልክ ነው፣ አልሳታትም፤
እኔን የረሳ ሰው እሷን አልረሳትም።

እኔም ሸጬ መጣሁ፤ ሁለት ዓመት፣ በውል፤
አሥራ ሁለት ወር ብለው፣ ጳጉሜን ማን ይከፍል?
ያለፈው የለም፤ የሚመጣው ገና፤
ያሁኑም ወርድ የለው፣ የክር ጫፍ ነውና።
ታዲያ ምን ነበረ ዘህራን የሰፈረ?
እኔ የሸጥሁትስ፣ በውል የታሰረ?

ትናንት ሌሊት እጁን አልያዝሁትም።
ዘጋ። ውሃው ዞረ፣
ባለቤቱ ወደማይሰማው ወደ ደረቀው ቴምር።
እንደ አባቴ ቁጥር አንድ ኬክሮስ ቆየሁ፤
ከዚያ ድንጋዩን አነሣሁ። የሰው ነው፣ አውቃለሁ።

ጧት ከቦዩ ዳር፣ በረጠበው አፈር፣
የሱም የእኔም ዱካ፣ እስኪደርቅ፣ ነበር።