የሲቭካ ጭራ

ከጋጣው ግድግዳ በሚስማር ተሰቅሎ፣
ሰባት የብሩሽ እጀታ ከርሟል ፀጉሩን ጥሎ።

ቦጉሚው ባሌ ነው። በየመጋቢቱ፣
ናሬቭ ወንዝ ሞልቶ መስኩን ሲውጠው በሌሊቱ፣
ሃይኑቭካ ይወርዳል ቅዳሜ በጠዋቱ።
ደህናውን ብሩሽ አንስቶ፣ ዋጋውን ጠይቆ፣
ራሱን ነቅንቆ፣
ሦስት ሦስት በላስቲክ ታስሮ የሚሸጠውን መርጦና አድንቆ፣
ይመለሳል ቤቱ፣ ድብ እንደ ጣለ አዳኝ፣ ገና ከበር ስቆ።

«አራት ዝሎቲ!» ይላል።
ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚል ተረት አፌ ላይ ይመጣል፤
እውጠዋለሁ። ከሠላሳ ዓመት ትዳር በኋላ ተረትም ይሰለቻል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤
ይህ ብሩሽ ግን ሞኝም፣ ወረቀትም አይደለም፤
ገና ቀለም ሲነካው እንደ ታመመ ድመት ፀጉሩን ያራግፋል፣
የዘር መዝሪያው ሳጥን፣ አረንጓዴ ሊሆን ታስቦ፣ ጺም አውጥቶ ያድራል።
በአቻምናው ፀጉር ላይ የአምናው ተጋድሟል፣ በአምናው ላይ የዘንድሮው፤
በጥፍሬ ስፍቀው፣ እንደ ዛፍ ግንድ ዕድሜው ይነበባል።

ዜኖን መካኒኩ «በአየር ንፉት» አለ።
መንፊያው ሞተር ይሻል፣ ሞተሩ ሦስት መስመር መብራት፤
የጋጣችን ሀብት አንዲት አምፖል ናት፣
እሷም ደስ ሲላት።
ጎረቤቴ አውሬሊያ የናይሎኑን አሞገሰችልኝ፤
ከእንቁላል ገንዘቤ ቀንሼ ገዛሁት፣
ማቅጠኛ ውስጥ አሳደርኩት፣
ጠዋት እንደ ተቀቀለ ጎመን ኩምትር ብሎ ጠበቀኝ።

ጨርቅ ፍለጋ ነበር ጣራው ስር የወጣሁት፤
ከአባቴ ቡትስ ጫማ ኋላ አንድ ከረጢት አገኘሁት።
ስፈታው ሽታው ቀደመኝ፦ ላብ፣ አጃ፣ የቆዳ ልጓም፤
ግራጫ ፀጉር፣ የክንዴን ያህል፣ በሲባጎ የታሰረ፣ ብል እንኳ ያልነካው ምንም።

ሲቭካ።
አንድ ዓይኗን ደመና የጋረዳት፣ ድልድይ የምትፈራ፣
ድንች ማሳው ላይ ግን መስመር የማትስት፣ ቀኙ ከግራ።
አባቴ ያንን ትራክተር በብድር ሲያመጣ፣
ለቀብዱ እሷ ተሸጠች፤ ገዢው ጎህ ሲቀድ መጣ።
እናቴ ግን በዋዜማው፣ በፋኖስ፣ በበግ መሸለቻ መቀስ፣
ጭራዋን ከርክማ ነበር፣ ሳታወራ፣ ሳታለቅስ።
ለምን? አልጠየቅናትም። በኛ ቤት ያኔ
ምክንያት የሚጠየቁት ወንዶች ነበሩ፤ ካልጠየቁት አንዷ እኔ።

በሳሙና ቀቀልኩት። አደረቅኩት ከምድጃው ጎን።
ጭራ ብቻውን ይልፈሰፈሳል፤ ወገብ እንዲሆነው ብዬ
ከአውሬሊያ የአሳማ ጀርባ ፀጉር ለመንኩ፣
ጫፉ ሁለት የተሰነጠቀውን፣ ቀለም የሚይዘውን ያንን።
ሥሩን በፈላ የጥድ ሙጫ ነክሬ፣
በሰርዲን ጣሳ ቆርቆሮ ጠፍሬ፣
ከሰባቱ እጀታዎች ወፍራሙን ከግድግዳው አውርጄ፣
በሁለት ሚስማር መታሁት።
ዋጋው? የሰርዲኑ። እሱንም በልተነው ነበር።

ዝገቱን በሽቦ ፍቀን፣ ቅባቱን በነጭ ጋዝ አጥበን፣
ቀዩን የመደብ ቀለም ደርበን፣
አረንጓዴውን ጀመርኩ። ብሩሹ ጠጣ፣ ተሸከመ፣ ሳይንጠባጠብ ሄደ፣
የትራክተሩን ጉንጭ ዳብሶ በመብራቶቹ ዙሪያ ወረደ።
ልክ እሷን በገለባ እንዳሸሁበት፣ ከትከሻ ወደ ሆድ፣
እጄ መንገዱን ያውቀው ኖሯል፤ እኔ ብቻ ረስቼ።

ቦጉሚው ቆሞ አየ። እጀታውን አወቀው፣ ፀጉሩን ግን አላወቀም።
«ከየት ገዛሽው?» አለ።
«ይሄኛው አልተሸጠም።»

አንድ መጋቢት አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፤
በሦስተኛው፣ የዘር መዝሪያውን ጨርሰን ወደ ትራክተሩ ስንዞር፣
አንዲት ፀጉር ረገፈች፣
ከሞተሩ ክዳን ላይ፣ ግራጫ፣ እንደ ጭረት ጋደም ብላ ቀረች።
ባሌ በጥፍሩ ሊያነሳት ጎንበስ ሲል እጁን ያዝኩት።
ቀለሙ እየደረቀ ነበር።
«ተዋት» አልኩት።