ተመረቀ

ዛሬ ሕንፃው ተመረቀ።
ጡሩምባ ተነፋ፣ ሪባን ተበጠሰ፣
የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ባርኔጣውን አውልቆ ጉሮሮውን ጠረገ፤
ከስንዴው ሜዳ የመጣ የዳኮታ ነፋስ ግን
የንግግሩን ወረቀት ገለበጠ፣ ገለበጠ፣
ሦስተኛውን ገጽ ነጠቀ።

እኔ ቴክላ ኖርድቢ ነኝ፣ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ።
ከወደ ኋላ ቆሜ ነበር፣ ከትራፊው ጡብ ክምር ጥግ፣
የዚያን መኸር መዝገብ በካፖርቴ ሸሽጌ።
አምጪው ያለኝ አልነበረም፤
ጠዋት በመደርደሪያው ሳልፍ እጄ ባዶውን ማለፍ እንቢ አለኝ።

ሠላሳ አንድ ናቸው። ሁሉንም በእጄ ጽፌአለሁ፣
ስም ከነአባት፣ መንደር፣ የከፈሉትን ገንዘብ።
ሃልቮር ትቬት ደጄ ቆሞ የጫማውን ጭቃ ሲያራግፍ
"እርሻ ነው የማጠና" አለኝ፤
ሳይናገር አውቄአለሁ፣ አንገቱ ነግሮኝ ነበር፣
ፀሐይ እስከ ኮሌታው ጠርዝ ቀይ ቀለም ቀብታው።
ኢቫር ሶመን ብዕሬን ተዋሰ፣
"ነገ" አለኝ፣ አልመለሰ።
አውጉስት ክሬብስ በዕድሜው ላይ አንድ ዓመት ጨመረበት፤
ውሸቱን እያየሁት ጻፍሁለት።
ኋላ ጦሩ የእኔን ጽሑፍ
ማስረጃ ብሎ ተቀበለው።
ይህን ለማንም አልነገርሁም።

በሄዱ በሳምንቱ፣ ደንቡ ስለሚያዝ፣
በየስማቸው ትይዩ "አቋርጧል" ብዬ ሞላሁ።
ለሞት የተሰመረ ዓምድ መዝገባችን የለውም።
ለአባቶቻቸውም ላክሁ ያልበሉትን የቀለብ ዋጋ፣
አሥራ አንድ ዶላር ከአርባ።

ከጦርነቱ በኋላ ጡብ ባንድ ዶላር ተሸጠ።
እንቁላል የምትሸጥ እናት ሦስት ገዛች ለልጇ፤
ዛሬ የትኞቹ እንደሆኑ ግድግዳውን ስትፈልግ ዋለች በእጇ።
ውስጡ የዳንስ አዳራሽ አለው፣ ቢሊያርድ፣ ጸጉር ቤት፣
ባምስት ሳንቲም የአተር ሾርባ።
"በሙታን ስም ጭፈራ?" ብሎ ፓስተሩ ደብዳቤ ጽፏል።
እኔ ልጆቹን አውቃቸዋለሁ፤
ከስብከቱ ደወል ይልቅ ለሾርባው ነበር የሚሮጡ።

እና ያ ገጽ፣ ነፋስ የወሰደው፣
ስማቸው ያለበት ነበር።
ፕሬዚዳንቱ ባዶ እጁን አየ። ሕዝቡ መሬት መሬት አየ።
ጡሩምባ ነፊው ከንፈሩን ላሰ።
ማን እንደገፋኝ እንጃ፤ ደረጃውን ወጣሁ፣
እንደ ትምህርት መክፈቻ ቀን መዝገቤን ገልጬ ስም ጠራሁ።
ልማድ ክፉ ነው፤
ከየስሙ በኋላ ቀና እያልሁ "አቤት" እስኪሉኝ ጠበቅሁ።
"ክሬብስ፣ አውጉስት።"
ነፋስ።
"ሶመን፣ ኢቫር።"
ነፋስ፣ የባንዲራው ገመድ።
"ትቬት፣ ሃልቮር።"
"አቤት!" አለ አንድ ሽማግሌ በኖርዌይኛ፣
ከሕዝቡ መሐል፣
አንገቱ እስከ ኮሌታው ጠርዝ የቀላ።

ወንበር ሲታጠፍ ቀረበኝ።
"ልጄ ስንት ትምህርት ቀረው?"
"አንድ ብቻ። የአፈር ጥናት።"
በጡቦቹ መሐል ያለውን ስሚንቶ በአውራ ጣቱ አሸ፣ አሸ፣
"እሱንማ እዚያው ጨርሶታል" አለኝ፣ ባርኔጣውን ደፋ፣ ሄደ።

ሕንፃ ተመረቀ ይላሉ።
ጡብ ለየትኛው ፈተና ሲያጠና አደረ?
ዋንጫው ታጠበ፣ ሾርባው ተቀዳ፣ ፒያኖው ሞቅ አለ፤
መዝገቤን ይዤ ስወጣ
አንድ አዲስ ገቢ ልጅ፣ ፊቱ ገና ምላጭ ያልነካው፣
በሩ ላይ አስቆመኝ፦
"እመቤቴ፣ ብዕር ያውሱኝ?"
አወጣሁ። ግን ጫፉን ይዤ አለቅም አልሁ።
"ትመልሳለህ?"
ሳቀ።
"ነገ" አለኝ።