የመመለሻው ብር

ጦይባ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ፤ መኪናው ገና አልሞላም፤
ረዳቱ «አንድ ሰው!» ቢልም አንድ ሰው ማለቱ አይደለም።
ከፋብሪካው አሥር ቀን ፈቃድ፣ ከዕቁብሽ ስምንት ሺህ ብር፣
አንዲት ቦርሳ፣ አንድ ሻርፕ፣ «ልየው» ያልሽው አንድ ባሕር።
እናትሽ አላመነችሽም፤ ሰፈሩም አላመነ፤
በባቲ በኩል የወረደ ለሽርሽር መቼ ሆነ?
እኔ ግን አምኛለሁ።

ስለዚህ ስሚኝ። ሀያ ዓመት ጨርቅ ላመጣ አሰብ ስመላለስ
እግሬ የተማረው ነው፤ አፌ ላይ ነው የሚያንስ።

መጀመሪያ የመመለሻውን ብር ለዪ።
ከመሄጃው በፊት፣ ከምትበዪው በፊት ለዪ።
መቀነት ውስጥ አይሆንም፤ ሌባ መቀነት ያውቃል፤
የቀሚስሽን ጠርዝ ፍቺና ስፊበት፤ የተሰፋ ብር ይቆያል።
ቢርብሽ «ዛሬ ጾም ነው» በዪ፤
ቢያምርሽ ወደ ሌላ እዪ።

የቀረውን ዘርዝሪው፤ ለሻይ ብለሽ ድፍን ሁለት መቶ አትምዘዢ፤
ታሪፉን ሦስት ሰው ሳትጠይቂ ወንበር አትያዢ።
ባቲ ድረስ ሹራብ ልበሺ፤ ከባቲ ወዲያ እርሺው፤
ሚሌ ላይ ነፋሱ የምድጃ አፍ ነው፤ ውሃሽን ጎንጨት እንጂ አትጨርሺው።
ስኳርና ጨው በላስቲክ ቋጥሪ፤ ራስሽን ሲያዞርሽ በጥብጪ፤
ልጅ ካዘለች ሴት ጎን ተቀመጪ።
ልጁን ተቀበያት። ሕፃን በታቀፈች ሴት ላይ
ኬላ ጠባቂም አይጮህ።

«ብቻዬን ነኝ» ብሎ ነገር የለም። ሲጠይቁሽ
«ባሌ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል፣ ይመር ነው ስሙ» በያቸው።
አውቃለሁ፣ ባል የለሽም። ይሄ ለመንገድ ያገባሽው ነው፤
ስትመለሺ ትፈቺዋለሽ። እኔም አሰብ ላይ እንዲህ ያለ ባል ነበረኝ፤
ከእውነተኛው ይልቅ ይጠብቀኝ ነበር፣ አላህ ይማረው።

ጋላፊን በወረቀት ተሻገሪ፤
ፓስፖርትሽን በማንም እጅ አታሳድሪ።
ከዚያ ወዲያ ሰውየው ይመጣል። ሁሌም ይመጣል።
ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ በኛው በወሎ አማርኛ፣ «እህቴ» ይልሻል።
«ማዶ ሥራ አለ፤ ጀልባው ማታ ነው፤ ደርሰሽ ትከፍያለሽ።»
ያኔ የቀሚስሽን ጠርዝ ዳስሺና «ልመለስ ነው የመጣሁ» ትያለሽ።
አይገባውም። እዚያ ዳርቻ ይህን ቃል የሰማ የለም።
የኔ ሰዓዳ መሄጃውን ብቻ ነበር የቆጠረች፤
የመመለሻውን...
ተይው። መኪናው እየሞላ ነው፣ ጊዜም የለም።

ጣሪያ ላይ አልጋ የሚያከራይ ፈልጊ፤ ከክፍሉ ይረክሳል፤
አጎበር ግን ያዢ፤ ትንኝ ሀብታም ድሃ አይልም፣ ይነክሳል።
ዓሣውን ከባድ መኪና ከተደረደረበት ደጅ ብዪ፤
ዋጋው በቀለም የተጻፈበትን ቤት እለፊ፤ ቀለሙንም ትከፍያለሽ።
ውሃው ውስጥ በኮንጎ ጫማሽ ግቢ፤ ድንጋዩ ይቆርጣል፤
ከጉልበት አትለፊ፤ የሳቀ ባሕር ይውጣል።

ቦርከናን ታውቂው የለ? ቁልቁል ሲሮጥ ላየው ሰው ባሕር የሚገባ ይመስላል፤
አይገባም። ከአዋሽ ጋር ሄዶ፣ ሄዶ፣ በረሃ ላይ ይቀራል።
እኔም እንደሱ ነኝ። ሀያ ዓመት አሰብ ተመላልሼ
አንድ ቀን እግሬን አልነከርኩም፤
ጥቅል ስቆጥር፣ ስከራከር፣ ስጭን፣ በመጣሁበት ተመልሼ።
ባሕር ማለት ለኔ ከመጋዘን ጀርባ የሚጮህ ነገር ነበር።

እና ፎቶ አታንሺልኝ፤ ስልክ ውስጥ ውሃ ሁሉ አንድ ነው።
ቆመሽ እዪው። እስኪሰለችሽ።
እስኪሰለች ያላዩት ነገር ነው ሰውን ማታ ማታ የሚጠራው።

በይ፣ ሞላ። ተነሺ። አብሽሪ።
ውሃሽ? ወረቀትሽ? ይመር?
ጠርዙስ? ዳስሺው እስኪ፣ እዚሁ ፊቴ።
አለ?
ሂጂ እንግዲህ።