የሌሊት ፈረቃ

አንማው ቅጹን ሰጠኝ፤
«ስምዎ? ሙያዎ? የሚመርጡት ሰዓት?» እያለ ጠየቀኝ።
ስሜን በዝግታ፣ በጥንቃቄ ጻፍሁ፤
ከሙያ ትይዩ «ፈታይ» ብዬ ሞላሁ።
ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ዓመት ቢያልፍም፣
ጣቴ እስከ ዛሬ ክር መፈለግ አልተወም።
ሰዓቱን ስነግረው ልጁ ተገረመ፤
እስክሪብቶውን ይዞ ለአፍታ ቆመ።
«ከሌሊቱ ዘጠኝ? ኧረ እማማ፣ ይተዉት፤
እሱን ለተማሪ፣ ለጎረምሳ ይስጡት።
አዳራሹ ክፍት ነው፣ የሐይቁ ብርድ ይገባል፤
በዚያ ሰዓት ደግሞ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል?»

ሳቅሁበት።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ባሕር ዳር ስትተኛ፣ ከማሽን ጎን ቆሜ፣
ዘጠኝ ሰዓት ማለት ሁለተኛ ስሜ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤
ቅዳሜ ማታ ተጀምሮ እሑድ እስኪመሽ ድረስ
አንድ ወፍራም መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲደርስ፣
ድምፅ ሳይቋረጥ፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው እየተተካ፣
ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ፣ በሰዓት እየተለካ።
«የንባብ ማራቶን» ይሉታል። ሯጭ አይደለሁም እኔ፤
ጉልበቴ ገና ደረጃ ሲያይ ነው «ወይ እኔ!»

የእኔ ድርሻ ከገጽ አራት መቶ ሁለት እስከ አራት መቶ ዘጠኝ።

ጠዋት ጠዋት ወርጄ ከደንገሉ ዳር፣
ጮክ ብዬ ሳነብ፣ ለውኃው ስናገር፣
በታንኳ እንጨት የጫነ ሰው የጠራሁት መስሎት
«አቤት!» አለኝ ከሩቅ፤ ጠፋኝ የነበርሁበት።
ጉማሬም አንድ ቀን ብቅ ብሎ አፍንጫውን ነፋ፤
ቀጠልሁ። ምን ላድርግ፣ አዳራሽ ውስጥም ሳል አይጠፋ።

«ነጠላ ሰረዝ ላይ ተንፍሺ፣ አራት ነጥብ ላይ ቁሚ፤
ማራቶን ቢሉትም አትሩጪ እማዬ፣ ድምፅሽን ስሚ»
ትለኛለች ሕሊና፣ የልጄ ልጅ። አምስተኛ ክፍል ናት፤
በስልኳ ሰዓት ትይዛለች፣ ስሳሳት እየሳቀች በጣት።
መጀመሪያ ቀን ሠላሳ አራት ደቂቃ ፈጀሁ፤ አዛጋች።
ዛሬ ሃያ አንድ። አንዲት ደቂቃ ብቻ ቀረች።

ፊደል የቆጠርሁት ከፈረቃ መልስ፣ በጥጥ ከረጢት ላይ ተቀምጬ፣
«ሀ» እና «ሐ» ስንት እንደሆኑ በእንቅልፍ ልቤ ረግጬ።
አሁንም ገጽ አራት መቶ ሰባት ላይ አንዲት ቃል አለች፣
«እስኪያስተዋውቋቸው»፤ እዚያ ስደርስ ሁሌ ክሯ ትበጠሳለች።
ግን ክር ተበጠሰ ተብሎ ማሽን አይቆምም፤
በሁለት ጣት ቋጥሮ ማለፍ ነው፣ ቋጠሮው ከሸሚዙ ላይ ለማንም አይታይም።

እና ደግሞ ውዳላት ትመጣለች።

ፈትል ክፍል ውስጥ ድምፅ አልነበረም፤ ጩኸት ነበረ፤
ሰው ከሰው የሚያወራው ከንፈር እየቆጠረ።
በከንፈር ነገረችኝ ያረገዘች ለት፤
በከንፈር ነገርኋት የወንድሟን ሞት።
ከዚያ ጩኸቱ ቀስ እያለ ሁለቱንም ጆሮዋን ወሰደው፤
ጡረታ ስትወጣ ሰርተፊኬት ሰጧት፤ ጆሮዋ ግን እዚያው ነው።

ትናንት አንማውን ጠርቼ አንድ በአንድ ነገርሁት፦
ማይክሮፎኑ አፌን እንዳይሸፍን፣ ዝቅ አድርጉት።
መብራቱ ከኋላዬ አይሁን፣ ከፊቴ ይብራ፤
ፊት ረድፍ አንድ ወንበር ያዙልኝ፣ ከመድረኩ በስተግራ።
«የማን ነው ወንበሩ?» አለ። «ማንም የማይሰማበት ሰዓት
አላልህም? ለማትሰማ ሰው ነው» ስለው ዝም አለ ለጥቂት።

መብራት ቢጠፋ ብዬ ትንሽ የእጅ ባትሪ ገዛሁ።
ሕሊና ወረቀቱ ላይ አበራችው፤ «ወዲህ» አልሁ፣
ወደ አፌ መለስሁት። ገጹንማ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ከዚያ መስታወት ፊት ቆሜ፣ ያለ አንዳች ድምፅ፣
ያችን ረጅም ቃል በከንፈሬ ሞከርኋት።

አልተበጠሰችም።